ለፎቶ የፈረሰው ቤት

ቢጫ ካናቴራ ስታዩ እናንተ ምን እንደሚሰማችሁ አላውቅም፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ደሜን ያፈላዋል። በሱቄ በር ቢጫ ለብሶ የሚያልፍ ሰው ካየሁ፣ ምንም ያላደረገኝ ምስኪን ቢሆንም፣ በዓይኔ ገላምጬ ካልሸኘሁት ወደ ሥራዬ አልመለስም። ደንበኞቼ ይስቁብኛል። "ደብሬ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ነካሽ?" ይሉኛል። ምክንያቱን ጨርሼ ነግሬያቸው አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ ልዘርግፈው።

ያኔ ከሪያድ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ደብረ ታቦር ላይ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ወንበር የምታስገባ ፀጉር ቤት ከፍቼ እሠራለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ጋፋት ነው፤ የገበሬ ልጅ ነኝ። እናቴ የሞተችው እኔ የሰው ቤት ወለል ስወለውል ነው። መርዶውን የሰማሁት በስልክ ሲሆን፣ አልቅሼ ሳልጨርስ እመቤቲቱ ለእንግዶቿ ሻይ እንዳቀርብ ጠራችኝ። እንባዬን ጠርጌ አቀረብኩ። ከዚያ ወዲህ ምርኩዝ ይዛ ዳገት የምትወጣ አሮጊት ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። "የበጎ አድራጎት ማህበራችን አባል ሁኚ" ሲሉኝ ዓይኔን ሳላሽ እሺ ያልኩት ለዚህ ነው።

ማህበሩ ከመነሻው የሌቦች ስብስብ ነበር ብላችሁ ውሸት ይሆንብኛል። አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ የቢሮ ሠራተኛው ተሰብስቦ ደም ይለግሳል፣ ለተማሪ ደብተር ያድላል፣ ቶምቦላ ያወጣል። ሊቀመንበራችን አቶ ስመኘው ይባላሉ። የቤት መሥሪያ ዕቃ ሱቅ ያላቸው፣ ንግግር የሚያውቁ፣ ሰውን በስሙ የሚጠሩ ሰው ናቸው። እኔም እወዳቸው ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ሰብስበውን "ዘንድሮ የአቅመ ደካማ እናቶችን ቤት እንሠራለን። የምታውቋት ችግረኛ እናት ካለች ጠቁሙ። ከመንገድ ብዙ የማትርቅ፣ መኪና የሚገባበት ቢሆን ይመረጣል" አሉ።

መኪና የሚገባበት ለምን እንደሚመረጥ ያኔ አልገባኝም። እጄን አውጥቼ እማማ ዘርፌን ጠቆምኩ።

እማማ ዘርፌ የሚኖሩት ከተማው አልቆ ወደ ጋፋት የሚወስደው የእግር መንገድ በሚጀምርበት ቦታ ነው። ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጋር ገበያ ስንወጣ በራቸው ላይ አረፍ ብለን ውሃ ጠጥተን ነበር የምናልፈው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንድ ልጃቸው ለሥራ ቆላ ወርዶ ወሬው ጠፍቷል። መሬታቸውን ሌላ ሰው በእኩል ያርስላቸዋል። ቤታቸው የሣር ክዳን ሆኖ በአንድ ማዕዘን ያፈሳል። መሃሉ ላይ ጎታቸው ቆሟል። ጎታ ለማታውቁ፦ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ተቦክቶ፣ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ እዚያው ቤት ውስጥ የሚሠራ የእህል ማስቀመጫ ነው። እሳት ስላልነካው ከቆመበት ላንቀሳቅስህ ቢሉት ይፈርሳል፤ ውሃ ካገኘው ደግሞ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። የእማማ ዘርፌ የዓመት ቀለብም ዘርም እዚያ ውስጥ ነበር፤ ገብስ ነው።

ሐሳቡን ስነግራቸው ደስ አላላቸውም።

"ሰኔ ገብቷል እኮ ልጄ" አሉኝ። "ጣራ በሰኔ ይነካል? ለመስከረም በሉት።"

"እማማ፣ ቆርቆሮው ተዘጋጅቷል። ጠዋት ፈርሶ ማታውን ይከደናል ብለዋል።"

"ማን አለ?"

"ሊቀመንበሩ።"

"አላውቃቸውም።"

"እኔንስ አያውቁኝም?"

"አንቺንማ እናትሽን ጭምር።"

"እንግዲያ ይመኑኝ። ማታውን ሳይከደን ቢቀር የእናቴ አጥንት ይውጋኝ።"

አገሬው መሐላ ሲሰማ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩና "እንግዲህ እናትሽን ከጠራሽ ምን እላለሁ" አሉ።

እኔም አቶ ስመኘውን "ለመስከረም ቢሆንስ?" ብያቸው ነበር። "የክብር እንግዳችን በመስከረም አይመቻቸውም" አሉኝ። በቃ። እኔም አፌን ያዝኩ።

ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሁላችንም የማህበሩን ቢጫ ካናቴራ ለብሰን ተገኘን። በሁለት ባሕር ዛፎች መሃል ትልቅ ባነር ተወጥሯል። በግራ የክብር እንግዳው ፊት፣ በቀኝ የአቶ ስመኘው ፊት፣ በመሃል "ለእናቶቻችን ጣራ እንሁን" የሚል ጽሑፍ አለበት። ከአጥሩ ጥግ አዲስ ቆርቆሮ ተደርድሮ ያብለጨልጫል። እማማ ዘርፌ ቆርቆሮውን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው "ይህ ሁሉ ለኔ ነው?" ሲሉ "አዎ እማማ" አልኳቸው።

እንግዳው የደረሱት በአምስት ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር እጃችንን አጣምረን ቆምን። ያ ጥርት ያለ ሰማይ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ግማሽ ጣራ ይሠራበት ነበር። እንግዳው መጥተው ንግግር አደረጉ፣ ዲጂኖ ተቀበሉና ግድግዳውን አንዴ መቱት። ፎቶ አንሺው "አልተያዘም፣ አንዴ ይድገሙልን" አለ። ደገሙለት። አሁንም "ወደዚህ ዞር ብለው" አላቸው። ዞር ብለው መቱ። ከዚያ ጭብጨባው ቀለጠ፣ የማህበሩ ወጣቶች ወጡና አርባ ዓመት የኖረውን ክዳን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ገሽልጠው ጣሉት።

አቧራው ሲበተን ጎታው ሰማይ ሥር ብቻውን ቆሞ አየሁት።

የገበሬ ልጅ ነኝ አላልኳችሁም? ጎታ ላይ ተንጠልጥዬ ያደግኩ ሰው ነኝ። ስንት ሳምንት ስለ ቆርቆሮ፣ ስለ ካናቴራ፣ ስለ ምሳው ስንነጋገር አንድ ቀን ጎታው ትዝ አላለኝም። ሮጬ አቶ ስመኘው ዘንድ ሄድኩ።

"አቶ ስመኘው፣ ጎታውስ?"

"የምን ጎታ?"

"እህሉ ያለበት ነዋ።"

"ያ የጭቃው ነገር? ወደ ጎን ይደረጋላ።"

"አይነሳም። ከተነሳ ይፈርሳል። ቶሎ መከደን አለበት።"

"ይከደናል፣ ይከደናል። አሁን እንግዳውን ምሳ እናብላ፣ ደብሬ።"

ዞር ስል ልጆቹ ቆርቆሮውን መኪና ላይ እየጫኑ ነው። "ወዴት ነው?" ብል አንዱ "ዝናብ እንዳያገኘው ወደ መጋዘን" አለኝ። ቆርቆሮ ከዝናብ ሲሸሽ ያየሁት ያን ቀን ነው። አናጺው "ሰኞ ይመጣል" ተባለ። መኪኖቹ ተከታትለው ወጡ። ግቢው ውስጥ እኔ፣ እማማ ዘርፌ፣ ጎታውና ባነሩ ቀረን።

በዘጠኝ ሰዓት ከጉና ተራራ በኩል ጠቆረ። እማማ ዘርፌ ሰማዩን አይተው ነጠላቸውን አውልቀው ጎታው አናት ላይ ለማልበስ ተንጠራሩ። ያቺ ነጠላ! እሷን ሳይ አብዳለሁ ብዬ ነበር። ባሕር ዛፉ ላይ ወጥቼ የባነሩን ገመድ በጥርሴ ፈታሁ። አንዲት ጎረቤት መጥታ አገዘችንና ጎታውን በባነሩ ሸፍነን በገመድ አሠርነው። ዝናቡ ሲወርድ የክብር እንግዳውና የአቶ ስመኘው ፊት ላይ እየተንዠቀዠቀ ነበር። እማማ ዘርፌ ጎረቤቷ ቤት ተጠጉ። እኔ ቤቴ ገብቼ ስልኬን ብከፍት የማህበሩ ገጽ በፎቶ ተጥለቅልቋል። "ተባረኩ" የማይል ሰው የለም። ከታች የእኔም ፎቶ አለ፣ እማማ ዘርፌን አቅፌ ስስቅ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድኩ። እማማ ዘርፌ "እህሉን ወደ ጎረቤት እንገልብጠው" አሉኝ። አሁን ይህን ልብ በሉልኝ፤ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። "ለአንድ ቀን ምን ያደክመዎታል? ነገ ይመጣሉ እኮ" አልኳቸው። አቶ ስመኘው በስልክ "ሰኞ በጠዋት፣ ቃሌ ነው" ብለውኝ ነበር።

ሰኞ ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። አናጺ የለም፣ ቆርቆሮ የለም። እስከ አራት ሰዓት ጠብቄ ወደ አቶ ስመኘው ሱቅ ወረድኩ። እሳቸው የሉም፤ የሱቁ ሠራተኛ ናት ያለችው።

"ቆርቆሮው ተጫነ?" አልኳት።

"ሌሊት ነው የተጫነው።"

"ወዴት? እኛ ጋ እኮ አልመጣም።"

"እብናት። ዛሬ የክብር እንግዳው እዚያ ያስጀምራሉ አሉ።"

ስልክ ደወልኩ። ከበስተጀርባቸው ከበሮና እልልታ ይሰማል።

"አቶ ስመኘው፣ ያ የእማማ ዘርፌ ቆርቆሮ አይደለም እንዴ?"

"ለጊዜው ነው ደብሬ። ማሳያ ነው። ገቢው ሲጠናቀቅ ለሁሉም ይገዛል።"

"ለሁሉም መች?"

"እሱን ኮሚቴው ያየዋል። አንቺ ስሜታዊ አትሁኚ፤ የምንሠራው እንደ ማህበር ነው።"

ያው አንድ መኪና ቆርቆሮ ከወረዳ ወረዳ እየዞረ ፎቶ ይነሳ ነበር ማለት ነው። ቤቶቹ ግን የእውነት ይፈርሳሉ።

ማክሰኞ ትንሽ ፋታ ሰጠ። አምስት ጆንያ በባጃጅ ጭኜ እህሉን ልናወጣ ደረስኩ። ገና ከባጃጁ ስወርድ የአቶ ስመኘው መኪና ከኋላዬ ቆመ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። መጡ፣ ሰውየው አፍረው መጡ አልኩ። ወርደው እማማ ዘርፌን ጎንበስ ብለው ሰላም አሉ፣ "ዝናቡ አስቸገረ አይደል?" አሉ፣ ቀጥ ብለው ወደ ጎታው ሄዱ፣ ገመዱን መፍታት ጀመሩ።

"ምን እያደረጉ ነው?" አልኳቸው።

"ባነሩን ነው። ከሰዓት ሆቴል የምስጋና ፕሮግራም አለን፣ ሌላ ለማሠራት አልደረሰም። አንቺም አትቅሪ፣ ስምሽ አለበት።"

"እህሉን እስክናወጣ ይጠብቁ። አንድ ሰዓት ይበቃናል።"

"እንግዳው በስምንት ሰዓት ይገባሉ። መታጠብም አለበት፣ ጭቃ ሆኗል እኮ" አሉና ሳቡት።

"አይሳቡት! አፉ ርሷል" አልኩ። ገመዱ የጎታውን አፍ ይዞ ነበር። ሁለተኛ ሲስቡት የላሸቀው ጭቃ ከላይ ተገመሰ፣ ከዚያ ሆዱ ተከፈተና ገብሱ እግራቸው ሥር ጭቃው ላይ ተዘረገፈ። ከሥር ውሃ የገባበት አቆጥቁጧል፤ ነጭ ነጭ ሥር አውጥቶ እርስ በርሱ ተያይዟል። የሻገተ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

አቶ ስመኘው ባነሩን እንደያዙ ቆሙ። ጫማቸውን አዩ። "ይቅርታ፣ ይሄ እንግዲህ... ማህበሩ ያስብበታል" አሉና ባነሩን እዚያው ጥለው ወደ መኪናቸው ገቡ።

እማማ ዘርፌ አላለቀሱም፣ አልተራገሙም። ሰውየውንም አላዩ። እኔን ነው ያዩት።

"እሳቸውን መች አውቃቸዋለሁ" አሉኝ። "እኔ ያስፈረስኩት ባንቺ መሐላ ነው።"

አንባቢዎቼ፣ በሰው አገር ተሰድቤያለሁ፣ ተመትቻለሁ። እንደዚያ ቃል ግን አጥንቴ ድረስ የገባ የለም።

ደህናውን ከበሰበሰው እየለየን፣ ጎረቤቶችም መጥተው፣ እስከ ሰባት ሰዓት አፈስን። ግማሹን አተረፍን። የተረፈውም ለመብል እንጂ ለዘር እንደማይሆን ሁላችንም እናውቃለን። ሲያልቅ ካቆጠቆጠው አንድ ቁና ሙሉ ዘገንኩና በእግሬ ወደ ሆቴሉ ሄድኩ። ልብሴን አልቀየርኩም። ለሥራ ብዬ የለበስኩት ቢጫው ካናቴራ እስከ ክንዱ ጭቃ ነበር።

አዳራሹ ነጭ ጨርቅ በለበሱ ጠረጴዛዎች ተሞልቷል። በሩ ጋ ቆምኩ። ስሞች ይጠራሉ፣ ሰው ይወጣል፣ ወረቀት ይቀበላል፣ ይጨበጨባል። ከዚያ የመድረክ መሪው "የዓመቱ ምርጥ አስተባባሪ፣ እህታችን ደብሬ!" አለ።

ቁናዬን ይዤ ወጣሁ። እንግዳው ምስክር ወረቀቱን ዘረጉልኝ። ቁናውን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት።

"ይሽተቱት" አልኳቸው።

የባህል ስጦታ መስሏቸው ፈገግ እያሉ አፍንጫቸውን ዝቅ አደረጉ። ፊታቸው ተጨማደደ።

"ቅዳሜ ሦስት ጊዜ በዲጂኖ የመቱት ቤት ውስጥ የነበረ እህል ነው" አልኩ። "ለአንዲት አሮጊት የዓመት ቀለብና ዘር ነበር። እርስዎ ምሳ ሊበሉ ሲሄዱ ቆርቆሮውም አብሮዎት ሄደ። ትናንት እብናት ላይ ያዩት ቆርቆሮ ያው ነው። ቤቱ እስካሁን ጣራ የለውም። ይህን የምነግርዎ ሴትየዋን አታልዬ ቤቷን ያስፈረስኩት እኔው ስለሆንኩ ነው። ምርጥ አስተባባሪ ያላችሁኝ ለዚያ ከሆነ ልክ ናችሁ።"

እንግዳው ወደ አቶ ስመኘው ዞሩ። አቶ ስመኘው ወደ መድረክ መሪው ዞሩ። የመድረክ መሪው ድምፅ ማጉያውን አንስቶ "እህታችን ከልብ በመነጨ ስሜት ያስተላለፈችውን መልዕክት በሞቀ ጭብጨባ እናመስግን" አለ።

አጨበጨቡ። ምን ላድርጋችሁ፣ አጨበጨቡ። ከእኔ ጋር ደብተር ያደሉ፣ ደም የለገሱ፣ ደግ የምላቸው ሰዎች ናቸው። አንዷ እንዲያውም እንባዋን እየጠረገች ነበር የምታጨበጭበው። ቁጣዬ ያን ዕለት ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ስድብ ቢመልሱልኝ እሳደብ ነበር። ጭብጨባን ምን ይሉታል? ካናቴራውን እዚያው መድረክ ላይ አውልቄ፣ በውስጥ ሸሚዜ ወጣሁ።

በማግስቱ ከሪያድ ያመጣኋትን የአንገት ወርቅ ሸጥኩ። ለእናቴ ብዬ የገዛኋትና ሳትደርስላት የቀረች ናት። ቆርቆሮ ገዛሁ፣ ከአቶ ስመኘው ሱቅ ግን አይደለም። ወንድሞቼ ከጋፋት እንጨት ይዘው ወጡ፣ ሰፈሩ በደቦ ተነሳ። ዝናብ ሲመጣ እየተጠለልን፣ ሲያባራ እየወጣን፣ ቅዳሜ ሳይመሽ ከደንነው። ንግግር ያደረገ የለም። እማማ ዘርፌ ገብተው ቀና ብለው ጣራውን አዩና "እናትሽ ትረፍ" አሉኝ። ይቅር ብያለሁ ግን አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ አልምልም። ደንበኞቼ "በናትሽ እንዲህ አድርጊልኝ" ሲሉኝ እንኳን "እናቴን ተዋት" እላለሁ። በየዓመቱ ግንቦት ሲሆን እኔና ወንድሞቼ የአንዲት ሴት ጣራ እንነካለን። ቆርቆሮው ግቢዋ ገብቶ፣ አናጺው ቆሞ፣ እህሏ ወጥቶ ሳናይ አንዲት ሰንበሌጥ አንመዝም። እናንተም የሰው ግቢ ባነር ይዛችሁ ስትገቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ፦ እኛ ስንሄድ ይህች ሴት ዛሬ የት ታድራለች? መልሱን ካላወቃችሁ ዲጂኖውን አስቀምጡት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ኅዳር ላይ ማህበሩ የእማማ ዘርፌን ቤት ሊያስመርቅ መጣ። አዎ፣ ሊያስመርቅ። ሪፖርቱ ላይ ሠራነው ብለው ጽፈውታል፤ ፎቶ ጎደለው። እኔ ለጉዳይ እዚያው ነበርኩ። አቶ ስመኘው፣ ፎቶ አንሺውና ቢጫ ለባሾቹ አዲስ ባነር ተሸክመው በሩ ላይ ደረሱ።

እማማ ዘርፌ ዶሮ እየከለከሉ በግቢው መሃል ተቀምጠዋል። ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ በር ድረስ በብድር ዘር የበቀለውን አዲሱን ገብስ አስጥተውታል። የተሰጣው በዚያ በአሮጌው ባነር ላይ ነው። በገብሱ መሃል መሃል የክብር እንግዳው ግንባርና የአቶ ስመኘው ጢም ብቅ ብቅ ብሏል።

አቶ ስመኘው ቆመው ራሳቸውን አዩት።

"እንግባ እማማ?" አሉ ዝግ ብለው።

እማማ ዘርፌ ከመቀመጫቸው አልተነሱም። ምርኩዛቸውን ዘርግተው አንዲት ዶሮ አባረሩና "ስጥ ነው፣ አይርገጡብኝ" አሉ።